አባባ የሚረሱት ዜማ

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሠርግ ቢቸና ሄጄ ሳለሁ ሳሙና ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ከእኔ ቀድማ የቆመች ሴትዮ ጧፍ ጠይቃ ኖሮ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ሥር አንድ እሥር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት። ሽታው መጣ። ለሌላ ሰው ይህ የቤተ ክርስቲያን ሽታ ነው፤ ቅዳሴና ጾም ነው የሚያስታውሰው። እኔን የሚያስታውሰኝ ሳክስፎን ነው። ባለሱቁ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ምን ልስጥሽ?» ሲለኝ አፌ ከእኔ ቀድሞ «ሳሙና፣ ክብሪት፣ ጨውና ጧፍ» አለ፤ ያውም በዜማ። ሰውዬው ሚዛኑን ትቶ አየኝ። ሳሙናዬን ብቻ ገዝቼ እያፈርኩ ወጣሁ፤ እስከ ሠርጉ ቤት ድረስ ግን ዜማው ከአፌ አልወረደም።

አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አርግዛ ሐኪም «ከአልጋ እንዳትወርጂ» ስላላት፣ እንደ እኔ ያለ ለፍላፊ ልጅ እንዳያደክማት ተብሎ ክረምቱን ከቢቸና ከቤታችን ወጥቼ ሞጣ፣ አባባ ዘንድ እንድከርም ተላክሁ። አባባ መንግሥቴ የአባቴ አባት ናቸው። የቢቸና ልጅ ናቸው፤ ነገር ግን ወጣት ሳሉ ከቅኔ ትምህርት ቤት ጠፍተው ውትድርና ገቡ፤ እዚያም በሙዚቃ ክፍል ሳክስፎን ነፊ ሆኑ። ጡረታ ሲወጡ ወደ ቢቸና አልተመለሱም። ሞጣ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገዝተው ተቀመጡ። ቢቸና ውስጥ እስከዚያን ዓመት ድረስ ስማቸው «ጡሩንባው» ነበር፤ ሰው ከኋላቸው እንደዚያ እያለ ይስቅ ነበር።

ታላቅ ወንድማቸው ግን ከቢቸና አልወጡም። የቅኔ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች አልተጣሉም። በበዓል ይጠያየቃሉ፤ ለቅሶ አብረው ይቀመጣሉ። ስለ ሳክስፎኑ ግን የኔታ አንድ ቀን አንሥተው አያውቁም፤ አባባም አንድ ቀን ይዘውት ቢቸና ሄደው አያውቁም። እኔ ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም ነበር። የማውቀው አባባ አልጋቸው ሥር ጥቁር ሣጥን እንዳላቸው፣ ሣጥኑም ሲከፈት የቤተ ክርስቲያን ሽታ እንደሚሸት ነው።

የሽታውን ምክንያት አሁን አውቀዋለሁ። የሳክስፎኑ አንገት ከግንዱ ጋር፣ የሚነፋበትም አፍ ከአንገቱ ጋር የሚገጥመው በቡሽ ነው፤ ቡሹ ቅባት ካላገኘ ይደርቃል። ሞጣ ላይ የሳክስፎን ቅባት የሚባል ነገር ማን አይቶ! አባባ ጧፍ በጣታቸው አሙቀው ይቀቡት ነበር። እኔ ግን ከቤተ ክርስቲያን የተዋሱት ንዋየ ቅድሳት መሰለኝ። አንድ ጠዋት ሣጥኑ ተከፍቶ ሳገኘው ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩት። አባባ በሩ ላይ ቆመው አይተውኛል። ሳቁ፤ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና «የሺዬ፣ ይህን ዕቃ እስከ ዛሬ ማንም ተሳልሞት አያውቅም» አሉኝ። የሚናገሩት ስለ ሣጥኑ ብቻ አልነበረም፤ ያኔ ግን አልገባኝም።

ጠዋት ጠዋት ሱቅ እላካለሁ። አባባ ገንዘቡን መሐረብ ጫፍ ላይ ቋጥረው እየሰጡኝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይላሉ፤ «ሳሙና፣ ክብሪት፣ ጨውና ጧፍ። ባትሪ ድንጋይ እንዳትረሺ።» ባትሪ ድንጋዩ ለሬዲዮው ነው። እኔ መንገድ ላይ ከውሻ ጋር ስሯሯጥ አንዱን መርሳቴ አይቀርም ነበር፤ ቤት ስገባ «ምን ጎደለ?» ይሉኛል፤ አብረን እንቆጥራለን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆም ሲል በረንዳ ላይ ወጥተው ይነፋሉ። የሚነፉባትን ስስ ቁራጭ ራሳቸው ከወንዝ ዳር ሸምበቆ ቆርጠው፣ አድርቀው፣ በምላጭ ፍቀው ነው የሚሠሯት። እኔ ፍቅፋቂዋን ከቀሚሴ ላይ እያራገፍኩ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

የሚጫወቱት ብዙ ነገር ነበር፤ አንዱ ግን የራሳቸው ነው። ቃል የለውም። «መመለሻ» ይሉታል። ጅማሬው እንደ ሰርክ ጸሎት ረጋ ያለ ነው፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ከፍ ይልና ተመልሶ ይወርዳል። በሁለት ቀን ያዝኩት። ችግሩ ያኔ ጀመረ። እኔ በያዝኩት ማግስት አባባ ያንኑ ጀምረው፣ መጀመሪያውን በትክክል ነፍተው፣ መሐል ላይ ሲደርሱ ሳቱት። ወደ ላይ መሄድ ሲገባቸው ወደ ታች ሄዱ፤ የሌለ ነገር ጨመሩ፤ የነበረውን ዘለሉ። ከብዙ መንከራተት በኋላ እንደምንም ተመልሰው ጨረሱት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ቦታ ሳቱት።

«አባባ፣ ትናንት እንዲህ አልነበረም እኮ» አልኳቸው።

«ትናንትማ ትናንት ነው» አሉኝና ምራቃቸውን ከሳክስፎኑ አራገፉ።

ሰው ስሕተቱን ሲደብቅ እንዲህ ነው የሚመልሰው ብዬ ተውኳቸው።

እንድፈራ ያደረገኝ ነገር ነበር። ከአባባ ቤት በላይ አባ ፈረደ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖራሉ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቤታቸው ይጠፋቸዋል፤ ልጆቻቸውን «የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። የእሳቸው ሕመም እንዴት እንደጀመረ ጎረቤት ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ መጀመሪያ ጸሎት መሐሉ ላይ ይጠፋቸው ነበር አሉ። ከዚያ ሁሉም ነገር ተራ በተራ ሄደ። እንግዲህ አባባም «መመለሻ»ን ከረሱ፣ ቀጥሎ ቤታቸውን፣ ቀጥሎ እኔን ይረሳሉ ማለት ነው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሲፈልጉት ደግሞ አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሣ ቀድሜ «አባባ፣ ስሜ ማን ነው?» እላቸው ነበር። እሳቸው ጨዋታ መስሏቸው አንድ ቀን «ባትሪ ድንጋይ» አሉኝ። ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ሐሙስ ሐሙስ ሦስት ሰዎች እየመጡ አብረዋቸው ይለማመዱ ነበር። አንዷ ሲስተር ሰዓዳ ናት፤ ከጅማ ተመድባ የመጣች ነርስ፤ ኦርጋን ትጫወታለች። ሁለተኛው መምህር ቶሎሳ ነው፤ የነቀምት ልጅ፣ ፊዚክስ የሚያስተምር፣ ቤዝ ጊታር የሚመታ። ሦስተኛው የሞጣው አናጺ ሙሉቀን ነው፤ ድራሙን ግማሹን ገዝቶ ግማሹን ራሱ የሠራው። የሚጫወቱትን ጃዝ ይሉታል። አባባ ዜማውን ሲስቱት እነዚህ ሦስት ሰዎች የሚያደርጉትን በደንብ እከታተል ነበር። ሰዓዳ ከንፈሯን ትነክሳለች። ቶሎሳ ዓይኑን ይጨፍናል። ሙሉቀን አንገቱን ይነቀንቃል። ማንም አይናገርም። እንዳያሳፍሯቸው ብለው ነው፤ ምን ዓይነት ጨዋ ሰዎች ናቸው ብዬ በልቤ አመሰገንኳቸው።

አንድ ሐሙስ ሲስተር ሰዓዳን በር ላይ ጠብቄ «ለመርሳት መድኃኒት አለ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ማን ነው የረሳው?» አለችኝ።

የአባባን ገመና ላወጣ? «እኔ» አልኳት።

«አንቺ እንቁላል ብዪ፣ በጊዜ ተኚ» ብላ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። ከዚያ በኋላ እንቁላል በቀረበ ቁጥር የእኔን ድርሻ ወደ አባባ ሳህን አሻግር ነበር። እሳቸውም «ምነው ልጄ፣ ምግብ ዘጋሽ?» እያሉ ይጨነቁልኛል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ መምህር ቶሎሳ አንድ ወሬ ይዞ መጣ። ቀድሞ ቢቸና ሲያስተምር ቤት ያከራየችው እታለም የምትባል ሴት ከረንቡላ ቤት አላት። ከፍልሰታ ጾም በኋላ ባለው እሑድ፣ ከሰዓት፣ ቤቷን ለእነሱ ልትለቅላቸው ተስማምታለች። «ቢቸና ላይ ጃዝ! በታሪክ የመጀመሪያው!» አለ ቶሎሳ እጁን እያፋተገ። አባባ ሸምበቆዋን ከአፋቸው አላወጡም። ቆይተው «ቢቸና?» አሉ። ለሁለት ቀን ሸምበቆ ሲፍቁ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ሲስተር ሰዓዳ የደም ግፊታቸውን ልትለካ መጥታ፣ በረንዳው ላይ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ፊደል ያስቆጠረኝ እኮ የኔታ ነው» አሉ አባባ። «አባት ሆኖ ነው ያሳደገኝ። ከቅኔው ጉባኤ ጠፍቼ ስሄድ ምን እንዳደረግሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ሳልሞት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰማኝ ይበቃኛል።»

«ይስሙዎታ!»

«ሰምቶስ ‹ለዚህ ነው ትተኸን የሄድከው?› ቢለኝስ?»

ሰዓዳ የመለሰችው አልተሰማኝም። እኔ የዚያን ሌሊት እንቅልፌን አጣሁ። የኔታን አውቃቸዋለሁ። በእሳቸው ፊት አንዲት ቃል የሳተ ተማሪ ጎንበስ ብሎ ነው የሚወጣው። አባባ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በገዛ አገራቸው፣ በወንድማቸው ጆሮ፣ ዜማው መሐል ላይ ሊጠፋቸው ነው!

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። በጾም ሙዚቃ የለም። አባባ ሣጥኑን ዘግተው አልጋ ሥር ከተቱት። ለሌላው ሰው ጾም ነው፤ ለእኔ መዓት ነበር። በየቀኑ እየነፉ የሚረሱ ሰውዬ ሁለት ሳምንት ሳይነፉ ከቆዩ ምን ሊተርፋቸው ነው?

መፍትሔውን ያገኘሁት ከቄስ ትምህርት ቤት ነው። ቢቸና ፊደልና ዳዊት ስንማር አንድ ሕግ ነበረን። ጓደኛህ መሐል ላይ ከጠፋበት፣ አጠገቡ ያለው ወዲያው የጠፋበትን ድምፁን አውጥቶ ያነሣለታል። ሰው ጠፍቶበት ዝም ብሎ ማየት ትልቅ ነውር ነው፤ ሁለቱም ይገረፋሉ። ስለዚህ እኔ «መመለሻ»ን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዤ፣ የዚያን ቀን ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ፣ ሲጠፋቸው ላነሣላቸው ወሰንኩ። ቃል የሌለው ዜማ ግን ያንሸራትታል። ቃል አበጀሁለት። በአእምሮዬ በደንብ የተቀመጠ አንድ ነገር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የሚነገረኝ። ስሞክረው ልክ ገጠመ። ሳሙና፣ ክብሪት፣ ጨውና ጧፍ፤ ባትሪ ድንጋይ እንዳትረሺ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሱቅ ስሄድ፣ ስመጣ፣ ውኃ ስቀዳ፣ ልብስ ሳሰጣ ይህንኑ ስል ከረምኩ። በዚያ ሰሞን ከሱቅ አንድም ነገር ሳልረሳ መጣሁ።

ጾሙ ሳይፈታ እናቴ በሰላም ወለደች የሚል ወሬ መጣ። እንግዲህ ለጃዙ ስንሄድ እኔ በዚያው ቤቴ እቀራለሁ ማለት ነው። ቅዳሜ ማለዳ በአውቶቡስ ተነሣን። ድራሙ ከበጎችና ከኬሻ ጋር ላይ ተጫነ፤ ሙሉቀን በየፌርማታው እየወጣ ያየዋል። አባባ ሣጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው አላወረዱትም። ቢቸና ስንደርስ አባቴን «ለየኔታ ነግረሃል?» አሉት። «ነግሬያለሁ» አለ አባቴ። «ምን አለ?» «‹ሰምቻለሁ› ብቻ አሉኝ።» አባባ የሳክስፎኑን ሣጥን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

የእታለም ከረንቡላ ቤት ትንሽ ናት። ከረንቡላው መጀመሪያ ገብቶ ቤቱ በኋላ የተሠራበት ይመስላል፤ በበሩ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ እታለም ጣውላ ረብርባ፣ ምንጣፍ አንጥፋ፣ መቀመጫ አደረገችው። ሴቶችና ልጆች እዚያ ላይ ወጣን። እኔ ጫፉን ተሻምቼ ያዝኩ፤ የሳክስፎኑ ሰፊ አፍ ጉልበቴን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ወንዶቹ በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። የጤና ጣቢያ ሰዎች መጡ፤ አስተማሪዎች መጡ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰዎች ኮታቸውን እንደ ለበሱ መጡ፤ ከገጠር የመጡት ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ገቡ። መስኮቶቹ በጭንቅላት ተሞሉ። እርጥብ ጋቢ፣ የከረንቡላ ጠመኔ፣ ላብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አባባ አሁን የቀቡት ጧፍ ይሸታል። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ኧረ ጡሩንባው መጣ!» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አባባ ቀና አላሉም።

በግራዬ ካለው መስኮት ውጪ ወንበር ሲቀመጥ አየሁ። ነጭ ጥምጥም መጣና ተቀመጠ፤ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ። «የኔታ፣ ይግቡ እንጂ!» አላቸው አንድ ሰው።

«የቅኔ መምህር ከረንቡላ ቤት ምን ይሠራል? እኔ መንገድ ላይ ነኝ» አሉ የኔታ። ከወንበሩ ግን አልተነሡም።

ጀመሩ። የመጀመሪያው አለቀ፤ ጭብጨባ የለም። ሁለተኛው አለቀ፤ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። የቢቸና ሰው የማያውቀውን ነገር ዝም ብሎ ነው የሚሰማው፤ ሳይገባው አያጨበጭብም። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ሲስተር ሰዓዳ ግን ከየት ታውቃለች? ፊቷ ተለዋወጠ። ወደ ቶሎሳ ዘንበል ብላ «አልወደዱትም» ስትል ሰማሁ። ቶሎሳ ላቡን ጠረገ። አባባ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ነጩ ጥምጥም አዩ። ከዚያ ለሦስቱ «መመለሻ» አሏቸው።

አባባ ዜማውን አንድ ጊዜ እንደሚገባው፣ አሳምረው ነፉት። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አብሬያቸው ሄድኩ። ሳሙና፣ ክብሪት፣ ጨውና ጧፍ። ደስ አለኝ፤ እንቁላሉ ሠራ አልኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጠፋቸው። እንዲያ ጠፍቷቸው አያውቅም! ሽቅብ ወጡ፤ ቁልቁል ወረዱ፤ አንዱን ድምፅ ይዘው ሙጥኝ አሉ፤ ለቀቁት፤ ሌላ ፈለጉ። ሰዓዳ ከንፈሯን ነከሰች። ቶሎሳ ዓይኑን ጨፈነ። በመስኮቱ በኩል የነጩ ጥምጥም ጀርባ ቀስ ብሎ ዞረ፤ የኔታ ጆሯቸውን ወደ ውስጥ ሰጡ። አበቃ፤ ሰሙት።

እኔ እዚያ ከረንቡላ ላይ እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም። ብቻ ቆሜ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኬ፣ «ሳሙና፣ ክብሪት፣ ጨውና ጧፍ!» አልኩ።

አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ሁሉም ፈነዱ። እናቴ ያን ጊዜ ብታየኝ ኖሮ ሌላ ልጅ ትወልድ ነበር። እኔ ግን ጓደኛ ጠፍቶበት ዝም ማለት ነውር እንደሆነ ነው የማውቀው፤ እንባዬ እየወረደ «ባትሪ ድንጋይ እንዳትረሺ!» ብዬ ቀጠልኩ። አባባ አዩኝ። አልተቆጡም፤ አላቆሙም። ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው፣ የሳክስፎኑን ሰፊ አፍ ወደ እኔ አዙረው፣ ዜማውን ከእኔ ጋር ቀስ አድርገው ነፉት። አገኙት! ተመለሰላቸው! ዜማውን ደግሜ ስጀምር ግን እንደገና ጥለውኝ ሄዱ፤ እየሳቁ፣ በዓይናቸው እየሳቁ። እኔ ሳሙና ስል እሳቸው በላይ በኩል ያልፋሉ። ክብሪት ስል ከሥር ይመጣሉ። ጨውና ጧፍ ስል ዞረው፣ ዞረው፣ ልክ እኔ ስደርስ ይደርሳሉ። አንድም ጊዜ አልተጋጨንም። የረሳ ሰው እንዲህ ሊገናኘኝ አይችልም። የት እንዳለሁ ያውቁ ነበር። ከመጀመሪያውም ያውቁት ነበር! ይህ ሲገባኝ ድምፄ ከእንባ ወደ ሳቅ ሲዞር ይሰማኛል።

ያኔ ነው ከመስኮቱ «ይበል!» የሚል ድምፅ የመጣው።

በቅኔ ቤት ቅኔው ልብ ሲነካ ሰሚው የሚለው ቃል ነው። ከየኔታ አፍ ይህን ቃል ለመስማት ዓመታት የሚማር ተማሪ አለ። ሙሉቀን ድራሙን ይዞ ቀጠለ፤ ቶሎሳ ግን ደንግጦ ጣቱ ቆመ፤ ሰዓዳም «ምን አሉ? ተቆጡ?» አለች። «ይበል! ይበል!» አሉ ደግመው የኔታ። በግድግዳው ዙሪያ የቆመው ሰው ሁሉ፣ ያ «ጡሩንባው» ያለው ጎልማሳ ሳይቀር፣ «ይበል!» አለ። ጣሪያው የሚነሣ መሰለ። ለካ ሕዝቡ ዝም ብሎ የነበረው ይህ ነገር ምን እንደሆነ እስኪነገረው ነው። አሁን የሚያውቀው ነገር ሆነለት።

የኔታ ከወንበሩ ተነሡ። ጥምጥማቸው ከመስኮቱ ጠፍቶ በሩ ላይ ብቅ አለ። ሰው ተጨናንቆ ሳለ መንገድ ተከፈተላቸው። መጥተው ከረንቡላው ጫፍ ላይ፣ አጠገቤ፣ «ፈቀቅ በይ እስቲ» ብለው ተቀመጡ። ለአባባ በመቋሚያቸው ምልክት ሰጧቸው፤ «ያንኑ አትድገምልኝ። አዲስ።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ጠፍቶበት መስሎሽ ነው አይደል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«አልጠፋበትም። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞልኝ የሚመጣ ተማሪ እኔ ‹ተመለስ› እለዋለሁ። ወንድሜ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ሲቆጥር ነው የከረመው። አንቺ ዋናውን ብቻ አጥብቀሽ ያዥለት፤ እሱ ዞሮ ይመጣል።»

ያዝኩላቸው። በሦስተኛው ዙር እኔ ብቻ አልነበርኩም። ከረንቡላው ላይ ያሉት ልጆች ያዙት፤ ሴቶቹ እልል እያሉ ያዙት፤ መስኮቱ ላይ ያሉት ጭንቅላቶች ሁሉ ሳሙና፣ ክብሪት ይሉ ጀመር። ኮት የለበሰው ሹም ባትሪ ድንጋይ እንዳትረሺ እያለ ይወዛወዛል። አባባ በዚህ ሁሉ ላይ እንደፈለጉ ሄዱበት፤ ሙሉቀን ዱላውን ሰበረና በባዶ እጁ መታ። የኔታ ሳሙና፣ ክብሪቱን ከሰዉ ጋር አላሉም፤ ግን ጣታቸው በመቋሚያው ላይ ሳይሳሳት ሲመታ አይቻለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን ስል የሠርጌንም ቀን ቆጥሬ ነው።

ሲያበቃ ሰዉ አባባን ትከሻቸውን ለመሳም ተጋፋ። ያ ጎልማሳ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው፤ «የሠርጌ ዕለት ካልነፉልኝ አልተውዎትም» ብሎ አስምሎ ለቀቃቸው። የኔታ ሰው እስኪሳሳ ከረንቡላው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ከዚያ ወንድማቸውን አጠገባቸው አስቀመጡ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ከቅኔ የጠፋህ መስሎኝ ስቀየምህ ኖርኩ» አሏቸው።

«ከአንቱ የተማርኩትን ነው የምነፋው፣ የኔታ» አሉ አባባ። ሣጥኑን ሊዘጉ ጎንበስ ሲሉ የኔታ ወስደው ዘጉላቸው። ከመዝጋታቸው በፊት ግን አሸተቱት፤ «ጧፍ ነው?» አሉ። «ጧፍ ነው» አልኩ እኔ፣ ለእሳቸው የማይነገር ምስጢር የነገርኩ መስሎኝ።

በማግስቱ ማለዳ አባባንና ሦስቱን ልንሸኝ መናኸሪያ ሄድን። እኔ ቤቴ ልቀር ነው። ሲስተር ሰዓዳ ሳመችኝ፤ ቶሎሳ እንደ ትልቅ ሰው ጨበጠኝ። የኔታም መጡ፤ ለአባባ አንድ ወፍራም እሥር ጧፍ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጧቸው። አውቶቡሱ ተነሣ። አባባ መስኮቱን ከፍተው ግማሽ አካላቸውን ወደ ውጪ አወጡና በእጃቸው ጠሩኝ። አባቴ «ሂጂ፣ ሊመርቁሽ ነው» አለኝ። ከአውቶቡሱ ጎን እየሮጥኩ አንገቴን ለምርቃት ዝቅ አደረግሁ።

«የሺ!» አሉኝ።

«አቤት፣ አባባ!»

«ክብሪቱ ላይ ትንሽ ቸኩለሻል።»